ቤት ሲለወጥ ስም ወዴት ይሄዳል?



በአዲስ አበባ ቤት የሚለውጥ ሰው ድካሙ ሁለት ነው። አንደኛው ዕቃውን ማጓጓዝ ሲሆን ሁለተኛው አዲሱን ቤት ለወዳጅ ዘመድ ማስረዳት ነው። «ከወፍጮ ቤቱ አልፈህ፣ በስተግራ ታጥፈህ፣ ሰማያዊ በር ያለው» እያለ ለእያንዳንዱ ሲናገር ይሰነብታል። ለሁሉም ነገርሁ ብሎ ባረፈ በወሩ ግን አንድ አጎቱ ከገጠር ማር ይዞ ይመጣና የአሮጌውን ቤት በር ሲደበድብ ይውላል። አጎትየው አልተሳሳተም፤ የሚያውቀውን አድራሻ ይዞ ነው የመጣው።

ዛሬ የማጫውትህ ግን ስለ ሰው ቤት ሳይሆን ስለ ሰርቨር ነው። ሰርቨር ማለት ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚሠራ፣ ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ የሚሰጥ ኮምፒዩተር መሆኑን ታውቃለህ። ብዙ ሰው ፋይሉንና ፎቶግራፉን በትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ዘንድ ያስቀምጣል። ነገር ግን አንድ የተማሪዎች ክበብ ወይም አንድ ትንሽ ማኅበር የራሱን ሰርቨር ተከራይቶ፣ ኔክስትክላውድን የመሰለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጭኖበት ሰነዱን በራሱ እጅ ሊያስተዳድር ይችላል። ይህ ሥራ የሚያምረው ሁሉም ነገር አዲስ በሆነበት ዕለት ነው። የሚከብደው ሰርቨሩ ያረጀ ወይም የኪራይ ውሉ ያለቀ ዕለት ነው።

እኔ አባል የሆንሁበት አንድ የቁጠባ ማኅበር አለ፤ ስሙ ይቅር። የሒሳብ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያዛወረ ማኅበር ስለ ሆነ አባል ገንዘብ ሲከፍል ገንዘብ ያዥዋ በስልካቸው ይመዘግባሉ፤ ፕሮግራሙም ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ያወጣል። ሰርቨሩ ባረጀ ጊዜ «አንተ ወጣት ነህ፤ ኮምፒዩተር ታውቃለህ» ተባልሁና የማዛወሩ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ከተባለው ግማሹ እውነት ነበር።

አንድ ዓርብ ከምሽቱ በ4 ሰዓት የመዝገቡን ቅጂ ወደ አዲሱ ሰርቨር አዛወርሁ፤ የማኅበሩንም የኢንተርኔት ስም ከአሮጌው አድራሻ አንሥቼ ወደ አዲሱ አዞርሁ። ከቤቴ ሆኜ ስሞክረው አዲሱ መጣ። አሮጌውን ግን «ለማናቸውም ይቆይ» ብዬ ሳልዘጋው ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጧት በ3 ሰዓት ገንዘብ ያዥዋ በአባሎች ስብሰባ ላይ ከአምስት ሰዎች ገንዘብ ተቀብለው በስልካቸው መዘገቡ፤ ቁጥሩ ከ412 እስከ 416 የሆነ ደረሰኝም ሰጡ። በዚያው ሰዓት ረዳታቸው በቢሮ ሆኖ ከሌሎች አራት ሰዎች ተቀብሎ መዘገበ። የእርሱም ደረሰኝ ከ412 እስከ 415 ሆነ። ሰኞ ዕለት ተቆጣጣሪው መዝገቡን ሲከፍት የረዳቱ አራት ሰዎች አሉ፤ የወይዘሮዋ አምስት ሰዎች ግን የሉም። ደረሰኙ በአባሎቹ እጅ ነው፤ በደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር ግን በመዝገቡ የሌላ ሰው ነው። አንባቢ ሆይ፤ የሒሳብ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ልነግርህ አያስፈልግም። «የሐሰት ደረሰኝ» የሚለው ቃል ማንም አፉን ከፍቶ ሳይናገረው በክፍሉ ውስጥ ዞረ።

ወይዘሮዋ ገንዘቡን ከቦርሳቸው አውጥተው በጠረጴዛው ላይ ቆጠሩት። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ቢሆንም ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። «መዝግቤአለሁ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብለው ለማሳየት ስልካቸውን ቢከፍቱ በስልካቸውም ላይ አምስቱ ስሞች አልነበሩም። የዚያን ጊዜ ፊታቸውን ያየ ሰው አይረሳውም። እኔም በዚያ ተቀምጬ ነበር። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አዲሱን ሰርቨር ሁለት ቀን በከንቱ ስመረምር ቆየሁ። አሮጌውን የከፈትሁት ረቡዕ ማታ ነው። አምስቱም ስሞች ከነሰዓታቸው እዚያ ተቀምጠው ነበር።

ምን እንደ ሆነ ለመረዳት በኢንተርኔት ላይ ስም እንዴት እንደሚፈለግ ማወቅ ይገባል።

ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም አይ ፒ አድራሻ ይባላል። ሰው ግን ከቁጥር ይልቅ ስም ይቀናዋል። የኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት በሚሠራበት ዘመን የኮምፒዩተሮቹ ስምና ቁጥር በአንድ ዝርዝር ተጽፎ በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር። ይህን የመረጃ ክፍል ይመሩ የነበሩት ኤሊዛቤት ፋይንለር ናቸው። አዲስ ኮምፒዩተር ያቆመ ሰው ለክፍሉ ያስታውቃል፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝሩን በየጊዜው እየቀዳ ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ እየበዛ በሄደ ጊዜ ግን አንድ መዝገብ ቤት ለዓለም ሁሉ የሚበቃ አልሆነም። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ፖል ሞካፔትሪስ የሚባሉ የኮምፒዩተር ሊቅ ሥራውን ለብዙዎች የሚያከፋፍል ሥርዓት አቀዱ። ይህ ሥርዓት ዲ ኤን ኤስ ይባላል። ደንቡ በ1987 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወጣ፤ መሠረቱም እስከ ዛሬ የሚሠራበት ነው።

አካሄዱ በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ለማስፈጸም ለተመላለሰ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ስልክህ የማኅበሩን ስም ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ያቆመውን ጠያቂ ሰርቨር ነው። ጠያቂውም ወደ ሥሩ ይሄዳል፤ የሥር ሰርቨሮች ከኤ እስከ ኤም ባለው የላቲን ፊደል የተሰየሙ 13 ሲሆኑ በእያንዳንዱ ስም ሥር በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒዩተር ይሠራል። ሥሩ «እኔ ዘንድ የለም፤ የነጥብ ኮምን ጠባቂዎች ጠይቅ» ይለዋል። እነርሱም «ይህን ስም የሚጠብቀው እገሌ ነው» ይሉታል። እገሌም በመጨረሻ ቁጥሩን ይሰጠዋል። «ነገ ተመለስ» የሚል ሠራተኛ ግን በመካከሉ የለም፤ ይህ ሁሉ መመላለስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰኮንድ በታች ያልቃል።

ጠያቂው ያገኘውን መልስ አይጥለውም፤ በማስታወሻው ይይዘዋል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዘው የሚወስነው የስሙ ባለቤት ሲሆን ከመልሱ ጋር በሰኮንድ የተቆጠረ ዕድሜ ይልካል። ይህ ቲ ቲ ኤል ይባላል። 86,400 ቢል አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ 300 ቢል አምስት ደቂቃ ነው። ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ ጠያቂው ሌላ ሳይጠይቅ በማስታወሻው ይመልሳል።

የእኛ ማኅበር ስም ዕድሜው 86,400 ነበር፤ እኔ ልብ አላልሁትም። የወይዘሮዋ ስልክ የሚያልፍበት ጠያቂ ዓርብ ከቀትር በኋላ አሮጌውን ቁጥር ይዞ ስለ ነበረ እስከ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ድረስ ወደ አሮጌው ቤት ይመራቸው ነበር። የቢሮው ኢንተርኔት ግን በሌላ ጠያቂ በኩል ሄዶ ስሙን ቅዳሜ ጧት እንደ አዲስ ስለ ጠየቀ አዲሱን አገኘ። ሁለቱ ሰርቨሮች ሁለቱም በራቸውን ከፍተው፣ ሁለቱም የመጨረሻው ደረሰኝ 411 መሆኑን ይዘው፣ ሁለቱም «412» ብለው ጀመሩ። ሰኞ ዕለት ማስታወሻው ዕድሜው ስላለቀ የወይዘሮዋም ስልክ አዲሱን ብቻ አሳየ። እንግዲህ ማንም አልዋሸም፤ ማሽኑም አልተበላሸም።

ሐሙስ ዕለት ለኮሚቴው ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። አምስቱ ክፍያዎች በአዲስ ቁጥር ተመዘገቡ፤ ምክንያቱም በቃለ ጉባኤ ተጽፎ ከአሮጌው ሰርቨር ከወጣው ዝርዝር ጋር ተያያዘ። ወይዘሮዋን በበሩ ላይ አግኝቼ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ» ብለውኝ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ከኮምፒዩተሩ በተጨማሪ በእጃቸው በሚጽፉት ደብተር ይይዛሉ፤ ተው ለማለት አፍ የለኝም።

«የስም ለውጥ በዓለም እስኪሰራጭ 48 ሰዓት ይፈጃል» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። አነጋገሩ ያሳስታል። የሚሰራጭ ነገር የለም፤ ማንም ተነሥቶ ለማንም አይናገርም። በየቦታው ያለው አሮጌ ማስታወሻ ዕድሜው እስኪያልቅ ይጠበቃል እንጂ። የዕድሜው ልክ ደግሞ በአንተ እጅ ነው። ሁለት ቀን የሚለው እውነት የሚሆነው ስምህን የሚጠብቁትን ሰርቨሮች ራሳቸውን የለወጥህ እንደ ሆነ ነው፤ የነጥብ ኮም ጠባቂዎች ለዚያ የሚሰጡት ዕድሜ 172,800 ሰኮንድ ነውና። ስለዚህ ቤትንና ስም ጠባቂን በአንድ ሌሊት አትለውጥ። ስም ጠባቂ የምትለውጥ እንደ ሆነም አሮጌው ዘንድ ያለውን መዝገብ መስመር በመስመር ቀድተህ አዲሱ ዘንድ ከጻፍህ በኋላ ይሁን።

እንግዲህ ሥራው እንዴት መሠራት ነበረበት ትለኝ ይሆናል።

ከመዛወሩ ሁለት ቀን አስቀድመህ የስሙን ዕድሜ ወደ 300 ዝቅ አድርግ። በዚያው ሌሊት ብታደርገው ዋጋ የለውም፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የጠየቀው ሰው አሮጌውን ዕድሜ ይዞ ሄዷል፤ ገና 23 ሰዓት ይቀረዋል። ነገሩ ከተረጋጋ በኋላ ዕድሜውን መልሰህ ከፍ ታደርገዋለህ።

ፋይሉን ሁለት ጊዜ መቅዳት ይበጃል። የመጀመሪያው ቅጂ አሮጌው እየሠራ ይሄዳል፤ ሙሉ ቀን ቢፈጅም የሚጎዳ የለም። ሁለተኛው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ አርሲንክ የሚባለው ፕሮግራም የተለወጠውን ብቻ መርጦ ስለሚያዛውር አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ዳታቤዝን ግን በሥራ ላይ ሳለ እንደ ተራ ፋይል አትቅዳው፤ ግማሹ የአሁን፣ ግማሹ የቀድሞ ሆኖ ይወጣብሃል። ዳታቤዙ ራሱ ባዘጋጀው ትእዛዝ አውጥተህ በአዲሱ ላይ አስገባው። ፖስትግሬስ የሚባለውን የምትጠቀም እንደ ሆነ የእትም 13 የዳታ ፋይል በእትም 16 እንዳለ ስለማይከፈት ሌላ አማራጭ ማድከሚያ ነው።

ዕቃ ሲጫን የሚረሳው ሁልጊዜ ትንሹ ነገር ነው። ኔክስትክላውድ የምስጢር ቁልፎቹን የሚይዘው ኮንፊግ በሚባለው ፋይሉ ነው፤ ዳታቤዙን ወስደህ እርሱን ብትተው ሳጥኑን ጭነህ ቁልፉን በግድግዳ ላይ ሰቅለህ ሄድህ ማለት ነው። የፋይሎቹ ባለቤትነት በአዲሱ ሰርቨር ላይ ወደ ሌላ ተጠቃሚ ይዞር እንደ ሆነ ፕሮግራሙ የራሱን ፋይል መጻፍ ይሳነዋል። በሰዓት ተቀጥረው የሚሠሩ ትእዛዞችም አሉ፤ ክሮን ይባላሉ። እነርሱን በአሮጌው ላይ ሳታቆም በአዲሱ ላይ ብታስነሣ አባሎች የክፍያ ማሳሰቢያ ሁለት ሁለት ጊዜ ይደርሳቸዋል። ሰዓቱንም እይ፤ አዲስ ሰርቨር ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ተስተካክሎ ይመጣል፤ ያም ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

አሁን ስሙን ሳታዞር አዲሱን ቤት የምትሞክርበትን ብልሃት ልንገርህ። በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ሆስትስ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ፤ ይህም የዚያ የጥንቱ የስታንፎርድ ዝርዝር የልጅ ልጅ ነው። በእርሱ ላይ የማኅበሩን ስምና የአዲሱን ሰርቨር ቁጥር ብትጽፍ ለአንተ ኮምፒዩተር ብቻ ስሙ ወደ አዲሱ ይሄዳል፤ ሌላው ዓለም በአሮጌው ይሠራል። እንግዲህ ግባበት፤ ፋይል ጫንበት፤ የሙከራ ደረሰኝ አውጣበት፤ የመጨረሻውን ቅጂ ስታስገባ ሙከራውን አስቀድመህ ታጠፋዋለህ። ሲያበቃ ግን የጻፍኸውን መስመር ሰርዝ። ይህን የረሳ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ የድረ ገጹ ስም በሌላ ጊዜ ሲዛወር ዓለም ሁሉ አዲሱን ሲያይ እርሱ ብቻ አሮጌውን እያየ ከሰው ሁሉ ጋር ይከራከር ነበር።

የምስክር ወረቀት የሚባለውም አለ፤ በብራውዘሩ ላይ ግንኙነቱ የተጠበቀ መሆኑን የሚያረጋግጠው ማለቴ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው ድርጅት በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን በተለመደው መንገድ ስሙ የአንተ መሆኑን የሚያጣራው ወደ ስሙ መጥቶ በሩን በማንኳኳት ነው፤ ስሙ ገና ወደ አሮጌው ሰርቨር የሚያመለክት ከሆነ የሚያንኳኳው የአሮጌውን በር ነው። ስለዚህ ወይ አሮጌውን ወረቀት ከነቁልፉ ቅዳ፣ ወይም በስም መዝገቡ ላይ የተጠየቀውን ጽሑፍ አስፍረህ በዚያ መንገድ አስቀድመህ አውጣ።

በመዛወሪያው ሌሊት ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። አሮጌውን ለጽሕፈት ትዘጋዋለህ። የመጨረሻውን ቅጂ ወስደህ በአዲሱ ላይ ታስገባለህ። የመጨረሻው ደረሰኝ ቁጥር በሁለቱም አንድ መሆኑን ታያለህ። ከዚያ በኋላ ብቻ ስሙን ታዞራለህ። እኔ የመጀመሪያውን ዘልዬ ነው ሰው ያሳማሁት። አሮጌው ቤትም ባዶውን አይሁን፤ ዘበኛ አቁምበት። ኤንጂንኤክስ የመሰለ ፕሮግራም በአሮጌው ሰርቨር ላይ አድርገህ፣ በአሮጌው አድራሻ የመጣውን ሁሉ ሳያውቀው ወደ አዲሱ እንዲያሳልፈው ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ የማንም ማስታወሻ ቢዘገይ መዝገቡ አንድ ብቻ ስለሚሆን ሁለት 412 አይወጣም።

ስሙን ስታዞር ቁጥሩ ሁለት ዓይነት መሆኑን አስብ። የአራተኛው እትም ቁጥር ኤ በሚባለው መስመር፣ የስድስተኛው እትም ረጅሙ ቁጥር ባለ አራት ኤ በሚባለው መስመር ይጻፋል። አንዱን ለውጠህ ሌላውን ብትረሳ ግማሹ ሰው ሲገባ ግማሹ በአሮጌው ደጅ ይቆማል፤ የሚጮኸውም ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ያደክማል። ለማጣራት ዲግ የሚባለው ትእዛዝ አለ፤ የጉግልን 8.8.8.8 እና የክላውድፍሌርን 1.1.1.1 ለየብቻ ጠይቅበት። ገና ያልተጻፈ ስም ግን «መጣ ይሆን?» እያልህ አትጠይቅ። ጠያቂው «የለም» የሚለውንም መልስ በማስታወሻው ይይዘዋልና ከጻፍኸው በኋላም «የለም» ሲልህ ይቆያል።

ፖስታ የሚልክ ሰርቨር ከሆነ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ከቁጥር ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ በአንተ ሳይሆን በቁጥሩ አከራይ እጅ ነው፤ አስቀድመህ ካላስተካከልኸው ደብዳቤህ ከቆሻሻው ጋር ይጣላል። ለትንሽ ማኅበር የፖስታውን ሥራ ለሌላ መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ።

ስም ሲጠፋ ቤቱ ቢኖርም እንደሌለ መሆኑን ትልልቆቹም አይተውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 4 ቀን 2021 ዓ.ም. ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ተሰወረ። ለጥገና የተሰጠ ትእዛዝ የውስጥ መሥመራቸውን ስለ ቆረጠው የስም ሰርቨሮቻቸው ወደ እነርሱ የሚያደርሰውን መንገድ ከኢንተርኔት አነሡ፤ ስሙን የሚጠይቅ ሁሉ መልስ አጣ።

ለአንተ የሚቀርበው አደጋ ግን ሌላ ነው። የክበብህ ወይም የመሥሪያ ቤትህ ስም በማን ስምና በማን ኢሜል እንደ ተመዘገበ ነገ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ «አምና ወደ ውጭ አገር የሄደው ልጅ» ነው። ስም በዓመት የሚታደስ ኪራይ እንጂ ርስት አይደለም፤ የማደሻው ማስጠንቀቂያ ለዚያ ልጅ እየደረሰ አንድ ቀን ስሙ ለሌላ ገዢ ይወጣል።

የእኛን አሮጌ ሰርቨር ነገሩ ከታወቀ በኋላ ወዲያው አላጠፋሁትም። በሩን ዘግቼ የጎብኚ መዝገቡን በየቀኑ ሳየው ነበር። በየቀኑ እየቀነሰ ሄዶ በዘጠነኛው ቀን አንድ ብቻ ቀረ፤ እርሱም ከቢሮው ሰዓት በሰዓት እየመጣ የሚያንኳኳ ነበር። ማን እንደ ሆነ ሳስስ ሰው አልነበረም። በጓዳ ያለው የሰነድ ስካነር ነበር፤ ያቆመው ባለሙያ በስም ፈንታ የአሮጌውን ሰርቨር ቁጥር በቀጥታ ጽፎበት ኖሮ፣ የዘጠኝ ቀን ሰነድ ይዞ በአሮጌው ደጅ ቆሟል። ቁጥሩን ሰርዤ ስሙን ጻፍሁበት። ወዲያው 63 ገጽ በአንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ገባ። በማግሥቱ ጧት አሮጌውን አጠፋሁት።